የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ እኔ ከሳቂዎቹ ወገን ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ ጓደኞቼ ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ መጽሐፌን ይዤ እወጣ ነበር፣ ፈርቼ ሳይሆን ስለማይዋጥልኝ። ይኼኛውን ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮኝ ሰምቶታል፣ እመኑኝ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መንገድ ሊሰፋ የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ እንደሚፈርስ ስሰማ፣ ካሜራ ተውሼ ስለምትለወጠው ከተማችን አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራሁ። ሰው ፊት ካሜራ መደቀን ስለማፍር የቀረጽኩት እሑድ ሁሉም ቅዳሴ ላይ ሳለ ነው፤ ባዶ በረንዳ፣ የተቆለፈ በር። ድምፅ መቅጃውንም መክፈት ረሳሁ፣ ስለዚህ ፊልሙ ሲታይ በማሲንቆ እንዲያጅቡልኝ አያ ደምሴ የሚባሉ አዝማሪ ከቡሬ አስመጣሁ።

የጨነቀኝ የእትዬ ጥሩዬ ነገር ነው። ባላቸው ጋሽ ይስማው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ በረንዳ ላይ ሲሰፉ ኖረው አምና ዐረፉ፣ የስፌት መኪናቸውም ለማንኩሳ ሰው ተሸጠ። እትዬ በራችን ድረስ መጥተው «ልጄ፣ የእሱ ቦታ አለበት?» አሉኝ። አለበት አልኩ፤ ባዶውን መሆኑን ለመናገር አፈርኩ፣ ሆዳቸው ባብቶ እንዳይመለሱ ፈራሁ።

ታዲያ ቤት ሆኜ ፊልሙን ስቆርጥና ስቀጥል የስፌት መኪና ሲረገጥ ይሰማኛል። የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘጋሁ፣ አልተወም፤ ምስሉን ሳቆመው አብሮ ቆመ። የጎረቤት ነው አልኩ፣ ምን ልበል።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አያ ደምሴ አስፋልቱንና ባጃጁን በግጥም እየነካኩ ሰውን ሲያስቁት ቆዩና፣ በረንዳው ሲመጣ ማሲንቋቸውን ገታ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ምስሉ አዘነበሉ፣ ልክ ግጥም ሲሰጣቸው እንደሚያደርጉት። «እሺ ጌታዬ፣ ይድገሙልኝ» አሉ። ፊት ለፊታቸው ማንም አልነበረም። ከዚያ ተቀበሉ፦

ቀሚስሽን ሰፋሁ፣ ልኩን መች ለካሁት፣
ባይኔ ብቻ'ኮ ነው ከሩቅ የጨረስኩት።

ሰዉ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ፤ እትዬ ጥሩዬ ግን ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። ለካ ጋሽ ይስማው በየሰርጉ ይህንን ለአዝማሪ እየሰጡ ሚስታቸውን ይነካኩ ነበር፤ የተነካ መመለስ ነበረበት፣ እትዬ ግን አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር እንጂ አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። ያን ቀን ብድግ ብለው «ተቀበል» አሉ፦

ቀሚሱስ ልኬ ነው፣ አልጠበበኝ ከቶ፣
ሰፊው እስቲ ይምጣ፣ ይየው ቤቴ ገብቶ።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ፣ እኔም ከጭንቀቴ ተገላግዬ ሳቅሁ።

በኋላ አያ ደምሴን ማን እንደሰጣቸው ብጠይቃቸው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸዋ አሉኝ፣ ፊልሙ የሚታይበት ጨርቅ አጠገብ የቆሙት። ምናልባት ግጥሙን አንዱ ሰርግ ላይ ሰምተውት ይሆናል፣ እንደዚያ እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ስከፍተው ጭር ያለ ነው፣ ደስ አለኝ። ባለፈው ግን በእትዬ ጥሩዬ ደጅ ሳልፍ ያ የማውቀው የመርገጫ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። እሳቸው በር ላይ ቆመዋል፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው። «ሰፊ ቀጠሩ እንዴ እትዬ?» አልኩ።

እንደ ሙሽራ ሽኩርምም ብለው ሳቁና «ግቢና እዪው እንጂ» አሉኝ።

መሽቶብኛል፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብያቸው መንገዴን ቀጠልኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።