ቅቤ የተከለከለ ጸጉር

አምለሰት ቡሬ አጠገብ ካለ ጅረት፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ተገኘች። ሰባት ዓመት የሚጥል በሽታ ነበረባትና ሁሉም «ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጣላት» ብሎ ቀብሯን ሊያጣድፍ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ሕሊና ግን ጎንበስ ብላ የሟችን ማጅራት ዳሰሰች። ጸጉሯ ወዝ የለውም፤ ማጅራቷ ላይ ብቻ ቀዝቃዛው ውሃ ያረጋው ቅቤ በአራት ጣት ተሰምሯል። አሪቲ አሪቲ ይሸታል።

ባሏ ዳኘው እንደነገራት፣ ባሕር ዳር ያሉ ሐኪሞች ራሷን ሳይከፍቱ፣ በምስል ብቻ፣ በሽታው የሚነሳበትን ቦታ ሲፈልጉ ከግራ ጆሮዋ በላይ አሮጌ የምት ጠባሳ አግኝተዋል። አምለሰት ምቱን አታስታውስም፤ ከጎተራ ወድቀሽ ነው ይሏት ነበር። ነገ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሊያረጋግጡ ቀጥረዋት፣ እስከዚያ ቅቤ ከልክለዋታል።

ከቅዳሴ ሲመለሱ ሬሳውን ያገኙት ቄስ ገብረሰንበት፣ ጠበሉን ትታ ሐኪም ቤት በመሄዷ እንደተቀየሟት አልደበቁም።

አማቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ራሳቸውን ገና መቀባታቸው ነው፤ ቅቤው ግንባራቸው ላይ ይወርዳል።

«እኔ ዛሬ ከቤት አልወጣሁም፣ ልጄ። ትናንት ልቀባሽ ብላት እንኳ ሐኪም ከልክሎኛል ብላ ጸጉሯን አላስነካ አለችኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሕሊና ሦስቱን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«አምለሰትን በሽታው አልጣላትም። ቅቤ በነካው እጅ ማጅራቷን ይዞ የደፈቃት ሰው አለ። አባ፣ እርስዎ ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ ሕዝቡ ምስክር ነው። ዳኘው ጎህ ሳይቀድ ለነገው መንገድ መኪና ሊያናግር ቡሬ ገብቷል፤ ሹፌሩን ጠይቄአለሁ። እማማ፣ የእርስዎ ቅቤ አሪቲ አለው። ጸጉሯን እንዳላስነካችዎት የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ታዲያ ቅቤዎ ማጅራቷ ላይ በምን ደረሰ?»

አሮጊቷ ልጃቸውን ሳያዩ ተናገሩ።

«የዛሬ ሰባት ዓመት ሊጥ ብታበላሽብኝ በዘነዘና መታኋት። እሷ ረስታዋለች። ዳኘው ግን ማሽኑ የጭንቅላቷን ውስጥ ሁሉ ያሳያል አለኝ። የረሳችውን ነገ ሊያወጣው አይደል?»

ዳኘው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕሊና ከሐኪም ቤቱ ፖስታ ውስጥ ምስሉን አወጣች። ከግራ ጆሮ በላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ነጥብ አለች።

«ማሽኑ የመታትን ሰው አያውቅም፣ እማማ። የሚያሳየው ቦታውን ብቻ ነው። ይቺን ቢያወጡላት ትድን ነበር።»

አሮጊቷ ምስሉን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። አገላብጠው፣ ቀረብ ራቅ አድርገው የራሳቸውን ፊት ፈለጉበት፤ አጡት።