የጸሎት ርዕስ

ያገናኘን አንድ ቃል ነው። ሊለያየን የደረሰውም ቃል ነው፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ ልናገር፣ ያሳፍረኛል።

በስደተኞች መርጃ ማዕከሉ ውስጥ የልብስ ክፍሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያኔ ከአገር ቤት የላከችኝ ወንጌል እንድሰብክ ቢሆንም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሰብከው ስለ ካልሲ ነበር። ለጋሾች የላኩትን ልብስ ከካርቶን አውጥቼ፣ በየልኩ ለይቼ፣ ለተሰለፈው ሰው እሰጣለሁ። አንድ ጠዋት ለአንዲት እናት ጃኬት አልብሼ ዙሪያዋን አየሁና፣

«ሰፊ ነው» አልኩ ለራሴ፣ በአማርኛ።

«አቤት!» አለ አንድ ሰው ከሰልፉ መሃል።

ዞር ስል ቀጠን ያለ ወጣት እጁን አውጥቶ ቆሟል።

«ጃኬቱን ነው» አልኩት።

«እኔ ደግሞ የተጠራሁ መስሎኝ! ሰፊ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። ሰፊውን ሰፊ ያጠብበዋል፣ ወዲህ በይው።»

የአገሬን ቋንቋ ከሰማሁ ወራት አልፎኝ ነበር፤ ሳቄ ሰልፉን በሙሉ አሳቀው። በዚያው ሳምንት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የስፌት መኪና አገኘንና ጠግኖ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰፊው ይለው ጀመር። እኔ በስፒል እይዛለሁ፣ እሱ ይሰፋል። ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ ያየኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚችልበት አላውቅም።

ከመኪናው በላይ ምስማር ላይ ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ካፖርት ይሰቀላል። ለሰው ልስጠው ስል አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።

«የማን ነው?» አልኩት አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ።

ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«የታናሽ ወንድሜ። አብረን ነበር የተነሳነው። ባሕሩን አልተሻገረም።»

የያዝኩትን ስፒል አስቀመጥኩ።

«እናቴ አታውቅም» አለ። «ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል፣ ስልክ አይገባም ብያታለሁ። በደወለች ቁጥር፣ "ብርድ ነው ይላሉ፤ ልጄ ካፖርት አለው?" ትላለች። አለው እላታለሁ። ውሸቱ ሙሉ ውሸት እንዳይሆን ብዬ በልኩ አስተካከልኩት።»

«እስከ መቼ?»

«የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪሰጠኝ። ሄጄ እጇን ይዤ ነው የምነግራት። መርዶ በስልክ አይነገርም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ላንቺ ብቻ።»

«እጸልይልሃለሁ» አልኩት።

«ጸልዪልኝ» አለኝ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ደረስኩ። በየወሩ ለቤተ ክርስቲያኔ የጸሎት ደብዳቤ እልካለሁ። የሚስዮን ክፍሉ ጸሐፊ በዚያ ሰሞን ደውሎ፣ «እህታችን፣ ደብዳቤሽ ሁሉ ካልሲ ሆነብን! እስቲ ልብ የሚነካ የጸሎት ርዕስ ላኪልን» ብሎኝ ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ የሰፊውን ታሪክ ጻፍኩ።

ስሙን አልጠቀስኩም፤ በዚህ ኅሊናዬን አስተኛሁት። ነገር ግን የተወለደው በዚያው በቤተ ክርስቲያኔ ከተማ መሆኑን ጻፍኩ፤ ሙያውን ጻፍኩ፤ ኋላ እንዳጫወተኝም፣ ታናሹ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት የሰፈር ኳስ በረኛ እንደነበረ፣ እናታቸውም እስከ ዛሬ ካፖርት እንደምትጠይቅለት ጻፍኩ። ስሙን ደብቄ ሰውየውን አደባባይ አወጣሁት። ጉባኤው እንዲያለቅስ ፈልጌ ነበር። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ስለ እሱ መጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ደብዳቤው እሑድ በማይክሮፎን ተነበበ። ከጉባኤው መካከል የእናቱ ጎረቤት ነበረች። ሴትዮዋ እናትየው ያወቁ መስሏት በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደች፤ «አይዞሽ፣ ስለ ልጅሽ ሞት ጉባኤው በሙሉ እየጸለየልሽ ነው» አለቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰፊው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስልኩን ጨብጧል፤ አልገባም።

«እናቴ ደወለች። "ሁለት ብርድ ሙሉ ካፖርት አለው ያልከኝ ለማን ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?»

«ስምህን አልጻፍኩም እኮ» አልኩ።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ይቅርታ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

«እኔ ላንቺ ምንሽ ነኝ?» አለኝ ረጋ ብሎ።

መልሱን አውቀው ነበር፤ ለወራት አውቀው ነበር። እጄ ግን የካርቶኑን ልብስ ማጠፍ ያዘ።

«የጸሎት ርዕስ ነኝ፣ አይደል?» ብሎኝ ሄደ።

ዐሥራ አንድ ቀን አልመጣም። ሱሪና ጃኬት መኪናው ላይ ተቆለለ። ለመጸለይ እንበረከካለሁ፤ ቃሉ ግን ለሰው እንደሚነበብ ሆኖ፣ አምሮና ተሽሞንሙኖ ይመጣብኛል። አፍሬ እነሳለሁ። አንድ ሱሪ ራሴ ላሳጥር ብዬ ብሞክር፣ ባለ ሱሪው ሽማግሌ ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩትና በምልክት ጉልበታቸውን አሳዩኝ። ቁምጣ አድርጌው ኖሯል።

በመጨረሻ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የዚህ ወር የጸሎት ርዕስ እኔ ነኝ» ይላል። «አምኖኝ የነገረኝን ሰው ምስጢር ጸሎት አስመስዬ አወራሁ። በአንዲት እናት ላይ መርዶ በማይክሮፎን እንዲነገር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቤት ማንም ከእንግዲህ አያውራ፤ የሚወራ ካስፈለገ የእኔ ይወራ።»

ጸሐፊው ደወለ። «እህቴ፣ ይሄ ባይነበብስ? አገልግሎትሽን ይጎዳል። የቤተ ክርስቲያን መሪዎቹ መልሷት ሊሉም ይችላሉ።»

«ያኛውን ያነበባችሁበት ማይክሮፎን ይሠራል፣ አይደል?» አልኩት። «በሱ ይነበብ።»

ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ካርቶን ስፈታ የመኪናው ወንበር ሲጥ ሲል ሰማሁ። ሰፊው ተቀምጧል። ያበላሸሁትን ሱሪ አንስቶ አየው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ስፌትም አትችዪም» አለ።

ያቺ «ም» ከስድብ ሁሉ የባሰች ነበረች።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ምክንያት የለኝም። ክብር ፈልጌ ነው። ደግሞም ... ስለምወድህ ስላንተ ማውራት አምሮኝ ነው። የምወደውን ሰው አሳልፌ ሰጠሁት።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ «እማዬ፣ ያወራሁት ወድጄው ነው ትላለች» ብሎ ሰጠኝ።

«አንቺ ነሽ ደብዳቤ ጸሐፊዋ?» አሉ እናቱ።

«እኔ ነኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ረግሜሽ ነበር» አሉኝ። «ውሸት ምን ያደርጋል፣ ረግሜሻለሁ። በኋላ ጎረቤቴ ሁለተኛውንም ወረቀት ነገረችኝ። ልጄም የዋሸኝ ወዶኝ ነው፤ አንቺም ያወራሽው ወደሽው ነው አሉ። በመዋደዳችሁ እኔን ጨረሳችሁኝ እኮ!» ከዚያ፣ «እዚያ ብርድ ነው?» አሉ።

«ብርድ ነው፣ እማማ።»

«አንቺስ ... ካፖርት አለሽ?»

ቀና ብዬ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን አየሁ። ሰፊው ስልኩን ከእጄ ተቀበለ፤ ሰማ፤ «እሺ እማዬ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ግራጫውን ካፖርት ከምስማሩ አወረደው።

«ክንድሽን ዘርጊ።»

«አይሆንም። እኔ አይገባኝም።»

«አይገባሽም» አለ። «እሷ ናት ያዘዘችው። ዘርጊ።»

ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ስለነበር ሌላ አልተነጋገርንም። የእጄ አንጓ ላይ ሲደርስ እጅጌውን በስፒል ያዘው። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ይለካል። ሰፍቶ ሲጨርስ እጅጌውን ገልብጬ አየሁት፤ ትርፉ ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል።

«ለምን አልቆረጥከውም?»

«የሱን ልክ አልቆርጥም» አለኝ። «አጥፌዋለሁ።»

ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል። ብርድ በገባ ቁጥር ያን ካፖርት ስለብስ ከሙቀቱ ቀድሞ የሚሰማኝ እፍረት ነው። ይህንን ከመጻፌ በፊት እሱንም እናቱንም አስፈቅጃለሁ። ዛሬ ጠዋት እስከዚህ ድረስ አነበብኩለት። መርፌውን ሳያቆም አዳመጠኝ።

«ካፖርቱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ይጠፋል» አለ።

«አፍራለሁ።»

«እፈሪ» አለኝ። ተነስቶ ካፖርቱን አመጣና ትከሻዬ ላይ ደረበልኝ። «ግን ልበሺው። ብርድ ነው።»