የኋላው ደረጃ

«ይህ ደረጃ ሁልጊዜ እንዲህ ባዶ ነው?» አሉ ጋሽ ሙሽታቅ፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው።

ሩማይሳ አባቷን አየች። አባቷ ጣሪያውን አየ።

«አዎ፣ ጋሼ። ሁልጊዜ።»

ውሸቷን ነው! የሱፍ ጥቅሉን ሁሉ ጠዋት ከዚያው ደረጃ ላይ እየጎተተች ጎረቤት የደበቀችው ራሷ ናት። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ እንጨት ነው፤ የስሪናጋር አሮጌ ገበያ እንዳለ እንጨት ነው። ፎቅ ላይ ሻል የሚጠልፉት ሴቶች ደግሞ ክረምቱን በየካባቸው ስር ካንግሪያቸውን፣ ያችን ፍም የሞላች የሸክላ ማሞቂያ፣ ታቅፈው ነው የሚውሉት። የፊቱ ደረጃ በእሳት ቢያያዝ ማምለጫቸው ይኸው የኋላው ብቻ ነው።

ጋሽ ሙሽታቅ ራሷን ዳበስ አደረጓት። «ተባረኪ! የጨዋ ልጅ! ገበያውን ሁሉ ዞርኩ፤ እንደናንተ ያለ ሱቅ አላየሁም።»

ከጠላፊዎቹ አንዷ፣ እትዬ ሐጅራ፣ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ሩማይሳን አየት አደረጓትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በጥፊ ቢያጮሏት ይሻላት ነበር። ሩማይሳ አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

ተቆጣጣሪው ገና ከመውጣታቸው አባቷ በሳቅ ፈነዳ። «አራዳ ነሽ እኮ! በይ አሁን ሱፉን ወደ ቦታው መልሺ።»

«አባ፣ እሳት ቢነሳ እነ እትዬ ሐጅራ በየት ይወጣሉ?»

«አፍሽን በበጎ ክፈቺ! እስከዛሬ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ታዲያስ! ሱፉን ራሴ ላይ ልሸከመው?»

ሩማይሳ ጎረቤት ሄዳ አንዱን ጥቅል በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። የኋላው ደረጃ ስር ስትደርስ ከላይ ሳቅ ሰማች። ሴቶቹ እትዬ ሐጅራን በምራታቸው እያበሸቋቸው ነው። «ኧረ ተዉኝ እናንተ!» ይላሉ እትዬ ሐጅራ። ሩማይሳ እግሯን አንስታ ደረጃው ላይ ማሳረፍ አቃታት።

ዞራ በፊት በር ገባች። ጥቅሉን አባቷ ደንበኛ የሚያስተናግድበት ምንጣፍ መሃል ላይ ዘረገፈችው።

«አንቺ! አብደሻል እንዴ? ሰው የት ሊቀመጥ ነው?»

ፊቷ በኀፍረት እንደጋለ ነው። ሁለተኛውን ልታመጣ ወጣች።