አጠገብሽ ያለችው ሴት

ይህ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የደረሰኝ ወሬ አይደለም። የነገረችኝ የደረሰባት ሰው ራሷ፣ ፊቤ ናት።

ቤቷ ውስጥ አላወራውም አለች። ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ፣ ሰው በሚርመሰመስበት፣ በጠራራ ፀሐይ ቆመን ነው የነገረችኝ።

"ቻናልህ ላይ ጻፈው" አለችኝ። "ግን እንዳታሳምረው።"

አላሳመርኩትም።

ጆሀንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር። ኮሮና ከገባ ሁለተኛው ክረምት ነው። ወሩ ሰኔ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። የጆበርግ ክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል እንጂ ደመና የለውም፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች።

ፊቤ ብቻዋን ናት። ባሏ ማናሴ ጀፕ፣ ሱቃቸው ውሏል።

ስልክ ይዛለች። የምትደውለው ተራራ ላይ ወዳለ ሎጅ ነው... ሰዎች በረዶ ላይ ወደሚንሸራተቱበት።

ነገሩን ያመጣችው ሙርሺዳ ናት። ሙርሺዳና ባሏ ጣሃ ከነፊቤ ሱቅ ጎን የክረምት ጃኬት በጅምላ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ሙርሺዳ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ እየሮጠች መጣች። ነጭ ተራራ፣ ቀይ ጃኬት የለበሱ ሰዎች፣ ቁልቁል የሚበር በረዶ...

"ጃኬት ስንሸጥ ዕድሜያችን አለቀ!" አለች። "ወላሂ አንድ ቀን እንኳ በረዶ ላይ ለብሰነው አናውቅም። ደግሞ ድንበር የለበትም፤ ከሌሶቶ ወዲህ ነው። በያዝነው የስደተኛ ፔፐር እንደርሳለን።"

ማናሴ ሳያንገራግር እሺ አለ። ለፊቤ ሲል ነው።

ፊቤ በበጋው ኮሮና ይዟት ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶላት ነው በእግዚአብሔር ቸርነት የተረፈችው። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ድምፅዋ አብሯት አልወጣም። ዱርንፎንቴን ባለው ቸርቻቸው ዋና ዘማሪ ነበረች፤ ማይክ ሳትይዝ ውጭ ድረስ ትሰማ ነበር። አሁን ስታወራ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም። ከቤትም እምብዛም አትወጣም።

"ንጹሕ አየር ታገኛለች" አለ ማናሴ ለሙርሺዳ። "ምናልባት ትስቃለች።"

መደወሉን ለፊቤ ሰጧት። ሥራ እንዲሆናት ብለው ነው።

ስልኩን ያነሳው ትሁት ሰው ነበር። ታቦ እባላለሁ አለ። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ግን በየመሃሉ "ሲሲ" ይላታል፣ እህቴ ለማለት።

"ስንት ሰው ናችሁ፣ ሲሲ?"

"አራት።"

"አራት ነው... ወይስ አምስት?"

"አራት። እኔና ባለቤቴ፣ ጓደኛዬና ባለቤቷ።"

"እሺ... ግን አጠገብሽ ያለችው ሴት አምስት እያለች ነው።"

ፊቤ ዞራ አየች።

ሶፋው። ፀሐይዋ። ገርበብ ያለው የመኝታ ቤት በር።

"አጠገቤ ማንም የለም" አለች።

ታቦ ሳቅ አለ። "ይቅርታ፣ መስመሩ ይሆናል። እዚህ ተራራ ላይ ኔትወርካችን እንዲህ ነው።"

ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አራት ሰው ብሎ መዘገባትና ስልኩ ተዘጋ።

ፊቤ ተነስታ መኝታ ቤቱን አየች። ቁም ሳጥኑንም ከፈተች። ምንም የለም። ቴሌቪዥኑም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

ለማናሴ አልነገረችውም። ሆስፒታል ሳለች መድኃኒቱ ያቃዣት ነበር፤ የሌለ ሰው ታይ ነበር። ብትነግረው "ተመለሰባት" ብሎ እንደሚጨነቅ ታውቃለች።

ጥቂት ቀን አለፈ። አሁንም ከሰዓት በኋላ ነው። ታቦ ራሱ ደወለ።

"የጫማ ቁጥራችሁን ልጠይቅ ነው" አለ። "የአራታችሁን ብቻ። የእሷን ጉዳይ ራሷ ነግራኛለች።"

"የማንን?"

"የሴትየዋን። ትላንት በዚሁ ስልክ ደውላ የለ እንዴ? ጫማ አልፈልግም አለች። ጃኬትም አልፈልግም አለች።"

"ሌላስ... ሌላስ ምን አለች?"

"አንድ ነገር ጠየቀችኝ።" ታቦ መናገር የከበደው መሰለ። "መሬቱ በዚህ ብርድ ይቆፈራል ወይ... አለችኝ።"

"እህትሽ ናት?" አለ ታቦ። "ድምፃችሁ አንድ ነው። ብቻ የእሷ... አትቀየሚኝና፣ የእሷ ጤነኛ ነው። ጥርት ያለ።"

ፊቤ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ስልኳ ላይ የደወለችባቸውን ቁጥሮች ከፍታ አየች።

አለ። ትላንት፣ የሎጁ ቁጥር። ረጅም ወሬ ነው የተወራው።

ትላንት በዚያ ሰዓት እሷ ተኝታ ነበር። ስልኩ ደግሞ ትራሷ ሥር ነበር።

ጃኬቷን ደርባ፣ ማስኳን አድርጋ ከቤት ወጣች። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ፈጥና ሄዳ አታውቅም። ሙርሺዳ ሱቅ ስትደርስ ላብ በላብ ሆናለች።

ሙርሺዳ የተሰቀሉ ጃኬቶች መሃል ጎትታ አስቀመጠቻት። ሁሉንም ሰማች። አልሳቀችም።

"ሰውዬው እየቀለደብሽ ከሆነ አሁን እናያለን" አለች። "ደውይለት። ድምፁን ለሁለታችንም ክፈችው።"

ደወሉ።

ውጭ ታክሲዎች ጥሩንባ ይነፋሉ። ተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!" ይላሉ። ጫጫታው ለፊቤ ትንሽ ልብ ሰጣት።

"ታቦ" አለች ሙርሺዳ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ። "አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ሙርሺዳ እባላለሁ። ስትሰማ የከረምከው እኔን ነው?"

"አይ" አለ ታቦ። "አንቺን አሁን መስማቴ ነው። እሷ ሌላ ናት።"

"አሁንስ ትሰማታለህ?"

"ከደወላችሁ ጀምሮ እያወራች ነው እኮ..." ድምፁ ዝቅ አለ። "በእናንተ ቋንቋ ነው መሰለኝ። አንዷን ቃል ነው የምትደጋግመው።"

ሙርሺዳ ፊቤን አየቻት።

"ድገምልን እስቲ" አለች በሹክሹክታ። "ቃሏን፣ እንዳለችው።"

"እኔ አልችልበትም... ኬ... ኬፌ..." ታቦ ቆም ብሎ አዳመጠ። "ኬፌቺሊን። ኬፌቺሊኝ። እንዲህ ነው የምትለው። ምን ማለት ነው?"

ክፈችልኝ።

ሙርሺዳ ስልኩን ነጥቃ ዘጋችው።

"ሱብሃነላህ..." አለች። "አንሄድም። ጣሃ ቢቆጣም፣ ማናሴ ቢቆጣም አንሄድም።"

ማናሴ ተቆጣ። ማታ ሲሰማ የተቆጣው ግን በሎጁ ሰውዬ ላይ ነው። "የታመመች ሴት መሆኗን ከድምፅዋ አውቆ ነው የሚጫወትባት! እኔ ራሴ ሄጄ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው!" አለ። ፊቤ አለቀሰች። እሱ ግን ቅዳሜ መሄዳችን አይቀርም ብሎ ድርቅ አለ።

እሁድ ዕለት ግን ሌላ ነገር መጣ። በሽታው በጆበርግ እንደ እሳት ተያይዞ ነበርና መንግሥት ሎክዳውኑን አጠበቀው። ለሽርሽር ጆበርግ ካለችበት ክፍለ ሀገር፣ ከጋውቴንግ መውጣት ክልክል ሆነ።

በዚያ ቀን ሎክዳውን ታወጀ ሲባል እጇን ዘርግታ ጌታን ያመሰገነች ሰው ብትኖር ፊቤ ናት።

ለታቦ አንድ መልእክት ላከችለት። "አንመጣም። መንገድ ተዘግቷል።" እሱም "ገባኝ፣ በርቱ" ብሎ መለሰ።

ከዚያ ጸጥ አለ። ፊቤ እንቅልፍ አገኘች። ወጥ ሠራች። ሙርሺዳ ደውላ "ጃኬቱን ሱቅ ውስጥ ለብሰን ፎቶ እንነሳ እንግዲህ" ስትላት፣ በዚያ በዛገው ድምፅዋ ሳቀች።

ቅዳሜ ደረሰ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ሂተሩ ተለኩሷል። ማናሴ ሱቅ ዘግቶ የሚመጣበት ሰዓት ስለሆነ ፊቤ ኩሽና ሰሃን እያጠበች ነው።

ስልኳ ጮኸ።

ታቦ።

ላለማንሳት አሰበች። አነሳችው።

"ሲሲ..." የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። "ለምን ብቻዋን ላካችኋት?"

ፊቤ የያዘችውን ሰሃን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

"ማንን?"

"ጠዋት መጣች። በእግሯ። መኪና አላየሁም... መንገዱም ዝግ ነው። ፊቷን የበሩ ጥላ ጋርዶት አላየሁትም፤ ድምፅዋን ግን አወቅኩት።"

"ታቦ፣ እኛ ማንንም አልላክንም።"

"ስሚኝ።" ሲተነፍስ ይሰማል። "በሩ ላይ የሰው ሙቀት የምንለካበት መሣሪያ አለ። ግንባሯ ላይ ደቀንኩት። ቁጥር አላወጣም። ደገምኩት። አላወጣም። ተበላሽቶ ነው ብዬ ራሴ ላይ ሞከርኩት... ይሠራል። እዚህ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ይረጋል፣ ሲሲ። ሁላችንም ስናወራ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል። ከእሷ አፍ አይወጣም።"

ፊቤ ማጠቢያውን ደግፋ ቆመች።

"ምን ትፈልጋለች?"

"እናንተን ስትጠብቅ ዋለች። አሳዘነችኝ። ሌሎቹ አይመጡም፣ መንገድ ተዘግቷል አልኳት። 'እንግዲያው እኔ ወደ እነሱ እሄዳለሁ' አለች።"

"መቼ ነው የሄደችው?"

"አሁን። አሁን ነው የወጣችው። ተከትያት ወጣሁ... ሜዳ ነው፣ ነጭ ሜዳ... የለችም።"

መስመሩ ተቋረጠ።

ፊቤ ራሷን ማጽናናት ጀመረች። ከዚያ እስከ ጆበርግ በመኪና እንኳ ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን። ማናሴ ይመጣል፣ በሩን ይቆልፋሉ፣ ይጸልያሉ...

በሩ መቆለፉን አየች። ተቆልፏል። ማናሴ ጋ ደወለች።

ስልኩ ደረጃው ላይ ሲጮህ ሰማችው።

አላነሳውም። ደርሷል። እግሩን ታውቀዋለች፤ የፎቁ ሊፍት ከተበላሸ ቆይቷል፣ ስለዚህ ከእሱ ቀድሞ ኮቴው ነው የሚደርሰው።

ተንፈስ አለች። ቁልፉ በሩ ውስጥ ዞረ።

ከኩሽና ሆና አየችው። ማናሴ አንገቱን ደፍቶ ገባ። በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል። ሌላውን እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በሩን አልለቀቀውም፤ ከፍቶ ይዞታል።

ቆየ።

ፈገግ ብሏል።

"ግቢ" አለ በቀስታ፣ ሳይዞር። "ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው።"

ከዚያ... ሰው አልፎ እንደገባ ሁሉ... በሩን ዘጋው።

ቀና ሲል ፊቤን ኩሽና በር ላይ ቆማ አያት።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

"አንቺ..." አለ። "እዚያ መቼ ደረስሽ?"

"እኔ ከቤት አልወጣሁም፣ ማናሴ።"

"ደረጃው ላይ... ከኋላዬ አልነበርሽም እንዴ?"

ፊቤ ራሷን ነቀነቀች።

"ስትዘምሪ እኮ ነበር" አለ ማናሴ። "ከታች ጀምሮ። በድሮው ድምፅሽ። ተመለሰላት ብዬ... እንዳላቋርጥሽ ብዬ ነው ያልዞርኩት..."

ከዚያ እሱም ገባው። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ጀርባውን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ጆበርግ ላይ ለወራት ጠብታ ዝናብ አልወረደም። ሂተሩ እየነደደ ነው። ማናሴ የለበሰው ጥቁር ጃኬት ላይ ግን፣ ትከሻው ጋ፣ የእጅ መዳፍ ታትሟል። ነጭ። ከነጣቶቹ። የበረዶ ነው።

ፊቤ እስኪቀልጥ ጠበቀች።

አልቀለጠም።

እያየችው... ጣቶቹ ቀስ ብለው ታጠፉና ትከሻውን ጨበጡት።