ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ

«ለእህቴ ንገሪያት፤ ካውያውን እንደ ሰው ጨርሳ ትመልስልኝ!» አለች እናት ለልጇ፣ የስፌት መኪናዋን እያንጣጣች።

እህትየው ያለችው ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ልብስ ስፌት ቤቱ ጠባብ፣ ካውያው አንድ፣ ኩርፊያው ግን ሰፊ። ሁለቱ እህትማማቾች ከተኳረፉ ወዲህ መልእክት የምታመላልሰው የእናትየዋ ልጅ ናት። ሰፈሩ «አምባሳደሯ» ይላታል። ደሞዝ የለውም እንጂ ሥራስ ሥራ ነው።

አምባሳደሯ ከስልኳ ቀና አለች። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ተከፍቷል። ሁለት ባዶ ክቦች፦ «ዓለም አቀፍ ግንኙነት» እና «መንግሥትና አስተዳደር»። አንዱን ብቻ መንካት ነው፤ ዛሬ ይዘጋል። ጭንቅላቷ ግን እንደተወሳሰበ ክር ጫፉ ጠፍቶባታል። ሰው ሁሉ «አንቺማ ለአምባሳደርነት ነው የተፈጠርሽው» ይላል። ታዲያ ጣቷ ለምን እንቢ አለ?

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «አክስቴ፣ እማዬ ካውያውን ስትጨርሺ ብታቀብያት ደስ ይላታል።»

«በሕልሟ በያት!» አለች አክስቷ፣ የኮት ገበር እየተኮሰች።

አምባሳደሯ ተመለሰች። «እሺ፣ አሁን እሰጣታለሁ ብላለች።»

ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ቀጮ ናት። «ዓለም አቀፍን ነካሽ አይደል? አንድ ዶርም ነው የምንገባው!»

«እሺ» ብላ ጻፈችላት። «እሺ» ለሷ እንደ ማስቲካ ናት፤ ለጠየቃት ሁሉ ታድላለች።

እናቷ ግን «አሁን እሰጣታለሁ» የተባለውን አምና የአንድ ደንበኛዋን የአውቶቡስ ሹፌር የሥራ ሱሪ አንጥፋ ለተኩስ ውሃ ረጨችበት። በደንብ ረጨችበት። ካውያው አልመጣም። የመጣው ሹፌሩ ነው።

«ፈረቃዬ ሊጀምር ነው፤ ሱሪዬስ?» ብሎ ዳሰሰው። «ኧረ! ይሄን ለብሼ ብነዳ ተሳፋሪው ምን ይለኛል?»

እናቷ መጋረጃውን ጥርግ አድርጋ ከፈተችው። «አሁን እሰጣታለሁ አላልሽም እንዴ?»

«እኔ? እኔማ በሕልሟ በያት ነው ያልኩት!»

ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አምባሳደሯ ዞሩ። ሹፌሩም ዞረ፤ እሱን ምን አገባው!

«በቃ!» አለች፣ ድምፅዋ ከራሷ የመጣ አልመስላት እያለ። «ደንበኛው ቆሞ የሚጠብቅባት ቀድማ ትተኩሳለች። ከዛሬ ጀምሮ። አንቺም እማዬ፣ አንቺም አክስቴ። እኔ ደግሞ መልእክት አላመላልስም።»

አሁን ነው ጥፊው ብላ ጠበቀች።

አክስቷ ካውያውን አነሳች። ለእህቷ አቀበለቻት። «ግሏል፤ ተጠንቀቂ።»

«አየሁት» አለች እናቷ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አልተቃቀፉም፣ አልተላቀሱም። ከሱሪው እንፋሎት ይወጣል፤ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል።

አምባሳደሯ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አሁን ያደረገችው ምንድን ነው? ማስታረቅ ነው ወይስ ማዘዝ? ጭራሽ ዞረባት። አንድ ነገር ግን አለ፤ ያን ደንብ ስታወጣ ደስ ብሏታል። እንዲያውም ስለ መቀሱም አንድ ደንብ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ሁለተኛውን ክብ፣ «መንግሥትና አስተዳደር» የሚለውን፣ ነካች። «ላክ» የሚለውንም ነካች። እርግጠኛ ነበረች? ኧረ የት!

ስልኳ እንደገና ጮኸ። ቀጮ ናት፤ «ላክሽ? አንድ ላይ ነን?»

«እ» ብላ መጻፍ ጀመረች። አጠፋችው። ወደ ደጅ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ደወለች።

«ስሚኝማ ቀጮ» አለች። «ቅድም እሺ ያልኩሽ… ውሸቴን ነው። ቆይ፣ አትዝጊብኝ።»