የጽሕፈት መኪናዋ ያጣችው ፊደል

ውብነሽ ላቀው መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበረች። በ1972 ክረምት ኦልጅራ የሚባል ወጣት መምህር በኦሮምኛ የተጻፈ የመሠረተ ትምህርት ጽሑፍ ይዞላት መጣ። ወለጋ ሄዶ ለሚያስተምራቸው ገበሬዎች የሚባዛ ነው።

ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ጓድ፣ ይቺ ፊደል መኪናዬ ላይ የለችም።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «‹ዸ› ናት። ያለሷ ኦሮምኛው አይነበብም።»

«እንዴት ነው የምትባለው?»

«ምላስሽን ወደ ላይ እጠፊና ድምፁን ወደ ውስጥ ሳቢው።»

ሞከረች፤ «ደ» ወጣ። ደግማ ሞከረች፤ «ጠ» መሰለ። ኦልጅራ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እሷም ሳቀች።

ግን ነገር ከያዘች የምትለቅ አልነበረችም። «ደ»ን መታችና ሰረዝ ደረበችበት። ለማባዣ የሚታተምበት ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ተቀደደ። ወረቀቱ ደግሞ ያኔ ብርቅ ነው። ቀስ ብላ ስትመታው ጭረቱ ቦታውን ሳተ። በመጨረሻ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ከመሳቢያዋ አወጣች።

«እኔ ‹ደ›ን ልምታ፤ አንተ ጭረቷን ጫርባት።»

ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ እጇን ስታነሣ እሱ ትንፋሹን ውጦ ይጭራል። እጆቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ወረቀቱን ብቻ ያያሉ።

«ይቺ ፊደል ያለችበት ቃል አስተምረኝ እስቲ» አለችው አንድ ከሰዓት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሲን ጃለዻ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ነገ እነግርሻለሁ» ብሎ ኮፍያውን እንኳ ረስቶ ወጣ።

እስከ ነገ መች ታገሠች! የቀበሌውን ዘበኛ ጋሽ ዳባን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«ማነው ያለሽ? እወድሻለሁ ማለት እኮ ነው!»

በማግሥቱ ኦልጅራ ገና ሳይቀመጥ፣ «ጋሽ ዳባ ነገሩኝ» አለችው።

ፊቱ ቀላ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔም» አለች፣ ድምፅዋ ራሷንም እስኪያስገርማት።

ጋሽ ዳባ ሽማግሌ ሆነው አባቷ ዘንድ ሄዱ። አቶ ላቀው ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። «ሄዶ የሚቀር ሰው ነው። አንድ ልጄን ለመንገደኛ አልሰጥም። መጀመሪያ ይመለስና እናያለን።»

ኦልጅራ የተባዛውን ጽሑፍ ጭኖ ሄደ። ወራት አለፉ። ከዚያ ወባ ክፉኛ እንደጣለው ተሰማ። ውብነሽን እህል አልወርድ አላት። አቶ ላቀውም ለልጃቸው አይናገሩ እንጂ፣ ማታ ማታ በጋሽ ዳባ በር ጎራ እያሉ፣ «ስለዚያ ልጅ የሰማኸው አለ?» ማለት ጀመሩ።

በጥር መምጣቱን ሲሰሙ አባትና ልጅ አውቶቡስ ተራ ወጡ። ኦልጅራ ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ የአውቶቡሱን በር እየተደገፈ ወረደ። ውብነሽ ባለችበት ቀረች።

ቀድመው የደረሱት አቶ ላቀው ናቸው። ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉና፣ «በል ና ልጄ፣ ቤትህ እንሂድ» አሉት።