በመስገጃዎቹ መካከል

ፈትያ በሩን ስትከፍት፣ የእህቷ የሐቢባ የሶላት ልብስ በረንዳው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ጫፉ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ሄዳ ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘችና ፊቷን ቀበረችበት። ሳሙና ሸተታት፤ ሳሙና ብቻ። እህቷ ፀጉሯን የምትቀባው የቅርንፉድ ዘይት ከአንገትጌው ላይ ጠፍቷል።

ሐቢባ አግብታ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄድ ይህን አንድ ልብስ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ትታው ነበር። ረስታው ይሁን ሆን ብላ፣ ፈትያ ጠይቃት አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የምትሰግደው እሱን ለብሳ ነው። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር እህቷ አጠገቧ ያለች ይመስላታል።

እናቷ እጇን እየጠራረገች ከወጥ ቤት ወጣች። «መጣሽ? ነገ ጁምዓ አይደል፣ ንጹሕ እንድትለብሺ ብዬ...»

«ማን እጠቢው አለሽ?»

«ልብስ ለማጠብም ፈቃድ ልጠይቅ?» እናቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ያን ጊዜ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ማለፍ ጀመረ። እዚህ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ንግግሩን ገታ አድርጎ ይጠብቃል። ፈትያ አልጠበቀችም።

«እሷንም እንዲሁ ነው ከቤት ጠርገሽ ያስወጣሻት» አለች። «ትዳር ትዳር ብለሽ። አሁን ደስ ብሎሻል?»

የአውሮፕላኑ ድምፅ ራቀ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

እናቷ ጥቂት ቆማ አየቻትና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ፈትያ ክፍሏን ዘግታ ለክፍል ጓደኛዋ ለሄሊና ደወለች። የሆነውን በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ማዘር ካልሰማችማ ተረፍሽ» አለች ሄሊና። «አውሮፕላኑ ሸፍኖልሻል። አታካብጂ፤ ዝም በይ በቃ።»

ስልኩ ሲዘጋ ፈትያ እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። አላለችም። ቆማ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። እጇ አሁንም የበሩን እጀታ ጨብጧል።

በመድረሳ ኡስታዝ ኢክሪማ ያሉት ትዝ አላት። «ቁጣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ከኋላው ማን እንዳለ ሳትጠይቁ አትመለሱ።» አንዷ ልጅ ከኋላ፣ «ዘበኛው አላስገባም ቢለንስ?» ብላ ክፍሉ ሲስቅ፣ ኡስታዙም ስቀው ነበር። «ቆማችሁ ከሆነ ተቀመጡ። እሱም ቆሞ ይደክመዋል።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከቁጣው ኋላ ማን አለ? በመጀመሪያ ያገኘችው ሽታውን ነው። ከሽታው ኋላ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሽታው ሳይታጠብም እየጠፋ ነበር። በየሳምንቱ አፍንጫዋን ይበልጥ ወደ ውስጥ መቅበር ነበረባት። ይህን ታውቅ ነበር፤ ለራሷ አልነገረችም እንጂ። ከዚያም ኋላ፣ ፈትያ ባለፈው እሑድ የደወለችላት ሐቢባ ነበረች፤ ከጀርባዋ የሰዎች ሳቅ እየተሰማ፣ «ፈቲዬ፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው፣ መልሼ ልደውል» ያለችው። ድምፅዋ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ማንም ጠርጎ አላስወጣትም። ወዳ ነው የሄደችው። ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር።

ፈትያ አለቀሰች። ከእናቷ ጋር የተጣላች መስሏት ነበር፤ ለካ የናፈቃት ሰው አለ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተነሣች። ውሃው ከትናንት ጀምሮ ስለጠፋ ከበርሚሉ በጆግ ቀድታ ውዱእ አደረገች። እጇን ታጠበች። ውሃውን ወደ አፏ ስትወስድ ቆም አለች፤ ከዚያ ተጉመጠመጠች፣ እንደገናም።

አባቷ መስጊድ ወርዷል። እናቷ ሳሎን ውስጥ ሁለቱን መስገጃዎች አንጥፋለች። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ባዶ ወለል ነበር። ቁርኣን በመቅራት ከሦስቱ የምትሻለው ሐቢባ እዚያ ቆማ ታሰግዳቸው ነበር። ከሄደች በኋላ እናትና ልጅ ለየብቻቸው ይሰግዳሉ። ባዶው ይቅር ያለ ሰው የለም፤ ይሙላ ያለም የለም።

ፈትያ ልብሱን ከገመዱ አውርዳ ለበሰች። ጫፉ ገና አልደረቀም፤ ቁርጭምጭሚቷን ቀዘቀዛት።

«እማ፣ ቅድም አውሮፕላኑ ሲያልፍ አንድ ነገር ብዬሽ ነበር።»

«ሰምቼዋለሁ።»

ፈትያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «ታዲያ ለምን ምን አልሽ አልሽኝ?»

«መልሰሽ እንደማትዪው ለማየት።»

«አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ ልጄ።» እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። «ምስማሩ ላይ ባየሁት ቁጥር እሷ ከውጭ የገባች ይመስለኛል። ባጥበው ይቀለኛል ብዬ ነው።»

«ቀለለሽ?»

«ወላሂ፣ አልቀለለኝም።»

ፈትያ ጎንበስ ብላ የመስገጃዋን ጫፍ ያዘች። ባዶውን ወለል አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ የእሷ ጠርዝ የእናቷን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ሳበችው።

«አንቺ አሰግጂኝ» አለች።

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። እናቷ ሶላቱን ለመጀመር እጇን ልታነሣ ስትል ሌላ አውሮፕላን ከቦሌ ተነሣ። እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁ።